ዘጠኝ ዓመት ከአጥሩ ወዲህ፣ አራት ቀን ከአጥሩ ወዲያ

ሱቄ የምትገኘው በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከማላሙሌሌ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ውስጥ ነው። ዳቦ፣ ስኳር፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ሻማና የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። ከደጄ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ለሚነዳ ሰው ፑንዳ ማሪያ የሚባለው የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስኖር በዚያ በር አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ደረቅ ወራት፣ ጣሪያቸው ላይ ድንኳን የጫኑ መኪኖች በደጄ ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ቆመው ውኃ ይገዛሉ፣ መንገድ ይጠይቃሉ። እኔም መልሳቸውን ቆጥሬ ሰጥቼ እሸኛቸዋለሁ። ፓርኩ የእነሱ፣ አጥሩ ደግሞ የእኛ የመንደሩ ሰዎች ድርሻ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ እናቴ ከሆሳዕና ልትጠይቀኝ መጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጣ ሳለች ከእነዚያ መኪኖች ሁለቱ መጥተው ቆሙ። ሲሄዱ ጠብቃ፣ «እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ጭነው የት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«አውሬ ለማየት ነው፣ እማዬ።»

«አንተስ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ዘጠኝ ዓመት ደጁ ላይ ተቀምጠህ?»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እናቴ ቅር ሲላት ንግግሯ ያጥራል። በዚያው ማታ ከመስከረም 1 ጀምሮ በፓርኩ ውስጥ ማደሪያ ያዝኩ፤ ዓመት በዓሉን እዚያው እንድናሳልፍ። ሰሜኑ ክፍል እንደ ደቡቡ ሰው ስለማይበዛበት ቦታ አላጣሁም። ስኩኩዛን ወይም ሎወር ሳቢን ለመሳሰሉት የደቡብ ካምፖች ግን ብዙ ወራት ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን የምጽፈው ጆሃንስበርግ ላላችሁ ወገኖቼም ስለሆነ ልብ በሉልኝ። ላንድ ክሩዘርም አያስፈልጋችሁም፤ እኔ የሄድኩት ዕቃ በማመላልስባት አሮጌ ኮሮላ ነው። አካባቢው የወባ ስለሆነ ግን ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ልሄድ መሆኔን መጀመሪያ የነገርኩት ለኮክዋና ነው። ኮክዋና በሺጾንጋ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ይጠራቸዋል። ዘወትር ጠዋት ግማሽ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ «አቩሼኒ» ብለው ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ከዚያም በሩ አጠገብ ባለው የለስላሳ ሣጥን ላይ ትንሽ አረፍ ይላሉ። ቋንቋውን ከቁጥርና ከዋጋ አልፌ እንድናገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንበሳ ንጋላ፣ ዝሆን ንድሎፕፉ፣ ነብር ዪንግዌ፣ ጎሽ ንያሪ። ፓርኩን ሳላየው የአውሬዎቹን ስም በእሳቸው ቋንቋ አውቅ ነበር።

ኮክዋና የተወለዱት ዛሬ የፓርኩ ሰሜናዊ ጥግ በሆነው በፓፉሪ ነው፣ በሉቩቩና በሊምፖፖ ወንዞች መካከል። ሕዝባቸው ማኩሌኬ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፓርታይድ መንግሥት ያን መሬት ወደ ፓርኩ ሊቀላቅል ፈልጎ ሕዝቡን በሙሉ አስነሣ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው የገዛ ጎጇቸውን በገዛ እጃቸው እንዲያቃጥሉ አስገደዷቸው፤ ከዚያም በካሚዮን ጭነው ንትላቬኒ የሚባል ደረቅ ስፍራ አራገፏቸው። ኮክዋና ያኔ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያዘሉ ወጣት ነበሩ። ክብሪቱን የጫሩት አባታቸው እንደ ነበሩ ነግረውኛል። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።

አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ ማኩሌኬዎች መሬታችን ይመለስልን ብለው ጠየቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1998ም ወደ 24,000 ሄክታር የሚጠጋው መሬት በስማቸው ተመለሰ። ተመልሰው ግን አልሰፈሩበትም። መሬቱ የዱር እንስሳት መኖሪያ እንደ ሆነ እንዲቆይና በላዩ ከሚሠሩት የእንግዳ ማረፊያዎች ማኅበረሰቡ እንዲጠቀም ተስማሙ። በደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንዲህ መሬታቸውን ካስመለሱት ሕዝቦች ቀዳሚ የሆኑት እነሱ ናቸው። ኮክዋና ውሳኔውን አይቃወሙም። «መሬቱ የእኛ ነው፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ» ይላሉ እንጂ።

መሄዴን ስነግራቸው ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብለው ጥቂት አሰቡ። «ሉቩቩ ላይ ድልድይ አለ» አሉኝ። «እዚያ ስትደርስ ፎቶ አንሣልኝ።»

መስከረም ላይ በሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ ምሽት 12 ሰዓት ይዘጋል። እኛ ገና ሳይነጋ ደርሰን ተሰልፈን ነበር። ሕጉ ጥቂት ነው፤ አስፋልት ላይ ከ50፣ ጠጠር መንገድ ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነው፣ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው፣ አውሬ መመገብ ክልክል ነው። እኔ ዕቃ ይዤ ስሮጥ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ፍጥነቱ ለመጀመሪያው ሰዓት አስጨነቀኝ። ኋላ ላይ ግን 50 ራሱ ብዙ እንደ ሆነ ገባኝ። በ20 ስንነዳ ነው ዓይናችን የተከፈተው። በ50 የምታልፈው ግንድ፣ በ20 ስታልፈው አጋዘን ሆኖ ጆሮውን ያዞርልሃል።

ሰሜኑ የሞፓኔ ዛፍ አገር ነው። ቅጠሉ እንደ ቢራቢሮ ሁለት ክንፍ አለው። በመስከረም አብዛኛው ረግፎ የቀረው እንደ መዳብ ቀልቷል፣ ሣሩም ደርቋል። እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ በመስኮት ስታይ ቆየች። ከዚያ፣ «ይህን ሁሉ ድርቆሽ የሚበላ ከብት የለም?» አለች። ዕድሜዋን በሙሉ ከብት ያረባች ሴት ናት፤ ያልታጨደ ሣር ማየት ያማታል።

መልሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መንገዱን አቋርጦ መጣ። ጎሾች ነበሩ፣ ሁለት መቶ ይሆናሉ፤ አቧራቸው ፀሐይዋን ጋረደ። ሞተሩን አጥፍተን እስኪያልፉ ጠበቅን። ቀንዳቸው ግንባራቸው ላይ እንደ ራስ ቁር የተገጠመው አሮጌዎቹ ወንዶች ቆም እያሉ ያዩን ነበር። እናቴ ጥጃ ቆጠረች፣ የከሳና የወፈረ ለየች። እኔም አፍተግር የሚባለውን የአፍና የእግር በሽታ እነዚህ ጎሾች ሳይታመሙ እንደሚሸከሙት ነገርኳት። አጥሩ የቆመው አንበሳን ከመንደር ለመከላከል ብቻ አይደለም፣ ጎሽን ከላም ለመለየትም ነው። ዝሆን አጥሩን ይሰብረዋል፣ ጎሽ ይወጣል፣ በሽታው መንደር ይገባል፣ ከዚያም የአካባቢው ከብት ከክልሉ ወጥቶ እንዳይሸጥ ይታገዳል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የከብት ገበያ በተዘጋ ቁጥር የሱቄ የዱቤ ደብተር ይወፍራል። እናቴ፣ «እንግዲያስ የእነዚህን ጎሾች ግብር የሚከፍሉት ጎረቤቶችህ ናቸዋ» አለች። ዘጠኝ ዓመት ያየሁትን ነገር እንዲህ አድርጌ ተናግሬው አላውቅም።

ማታ ፑንዳ ማሪያ ካምፕ አደርን። ስሙን የሰጠው የመጀመሪያው የአካባቢው ጠባቂ ነው፤ በስዋሂሊ የሜዳ አህያ ፑንዳ ሚሊያ ይባላል። ጎጆዎቹ በሣር ክዳን የተሠሩ፣ ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ኮረብታው ሥር በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ናቸው። የዓመት በዓል ቡናችንን እናቴ በረንዳው ላይ አፈላች። ጀበናውን ከሆሳዕና በልብስ ጠቅልላ ያመጣችው ነው። የቡናው ሽታ ጎረቤቶቻችን የነበሩትን ሽማግሌ ባልና ሚስት ሳባቸው፤ ራስክ የሚሉትን ደረቅ ዳቦ ይዘው መጡ። እናቴና ሴትየዋ አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ሦስቱን ስኒ አብረው ጠጡ።

በማግስቱ ወደ ፓፉሪ ነዳን። ከመንገዱ በስተምሥራቅ ቱላሜላ የሚባል ኮረብታ አለ፤ አናቱ ላይ ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ የተሠራ ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። የሚጎበኘው ከታጠቀ አስጎብኚ ጋር በእግር ነው፤ ዳገቱ ለእናቴ ጉልበት ስለማይሆን አልወጣንም። በዚያ ኮረብታ ላይ ከ400 ዓመታት በፊት ወርቅ የሚያነጥሩ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ጋር እየነገዱ የመስታወት ዶቃና የቻይና ሸክላ ያስመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተገኙት የንጉሣውያኑ አፅሞች ከተጠኑ በኋላ ወደ መቃብራቸው ተመልሰዋል። ፓርኩን «ሰው ያልነካው ዱር» እያሉ የሚያስተዋውቁትን ሰዎች አንድ ጊዜ እዚህ ግርጌ ላቆማቸው እወዳለሁ።

ባኦባብ ዛፎች በዚህ አካባቢ ይበዛሉ። ከዚያም መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ድንገት አረንጓዴ ይሆናል፤ ወንዙ ነው። ድልድዩ ላይ መኪናውን አቁሜ ከመስኮት ፎቶ አነሣሁ፤ ቡናማ ውኃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ዳርና ዳር የተንዠረገጉ ትልልቅ ዛፎች፣ አሸዋው ላይ እንደ ግንድ የተዘረጋ አዞ። ከዚያ ወረድ ብሎ ባለው የምሳ ቦታ ከመኪና መውረድ ይፈቀዳል። የሦስት ሰው እቅፍ የማይዞረው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ቆሎና ዳቦ በላን። ኒያላ የሚባለው አጋዘን በዚያ ይበዛል፤ ወንዱ ጥቁር ጠጉራም ሆኖ እግሩ ብርቱካናማ ነው፣ ሴቷ ቀይ ሆና ነጭ ሸንተረር አላት፤ የአንድ ዘር አይመስሉም። ጥቂት ነድተን ሉቩቩ ከሊምፖፖ የሚገናኝበት ደረስን። ወዲያ ማዶ በግራ ዚምባብዌ፣ በቀኝ ሞዛምቢክ ነው። ድንበሩን ዝሆኖች በአሸዋው ላይ ተሻግረውት ኮቴያቸው ቀርቷል። ድንበር ለመሻገር ምን ያህል እንደ ከፈልኩ፣ ስንት ሌሊት እንደ ተጓዝኩ የማውቅ ሰው ነኝና ያን ኮቴ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ስንመለስ እናቴ ጮኸች። «እርኩም!» አራት ትልልቅ ጥቁር ወፎች በተቃጠለ ሣር ላይ እየተራመዱ እንሽላሊትና አንበጣ ይለቅሙ ነበር። እርኩም ናቸው፣ ግን የእኛው አይደሉም፤ የእኛዎቹ በዓይናቸው ዙሪያ ሰማያዊ ሲሆኑ የእነዚህ ፊትና ጉሮሮ ቀይ ነው። ብዙዎች ዝሆንና አንበሳ ፍለጋ ሲበሩ ሳያዩአቸው ያልፋሉ። አንድ ቤተሰብ ለቁም ነገር የሚያደርሰው ጫጩት በአማካይ በ9 ዓመት አንድ ነው፤ እኔ ሱቅ በከፈትኩበት ዓመት የተፈለፈለች ጫጩት ዛሬ ገና ታናሽ እያገኘች ነው ማለት ነው። አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አውራሪስ እየተባሉ የሚቆጠሩት «ትላልቆቹ አምስት» ድሮ አዳኞች በእግር ለመግደል ያስቸገሯቸውን አውሬዎች የለዩበት ዝርዝር ነው። የገዳይ ዝርዝር ይዞ ለማየት መውጣት አይገባኝም። እናቴ ዝርዝሩን አታውቀውም፤ ስለዚህም ሁሉን አየች።

ሦስተኛው ቀን ወደ ሺንግዌዲ ወረድን። ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር ባለው ጠጠር መንገድ ስንነዳ አንድ ጥምዝ ዞርን፤ ዝሆኖች ግራና ቀኝ ነበሩ። ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አሮጊቷ ከሞፓኔው ውስጥ ወጥታ መንገዱ መሐል ቆመች፣ ጆሮዎቿን እንደ በር ከፈተች፣ ራሷን ነቅንቃ ሁለት እርምጃ ወደ እኛ መጣች። እጄ ማርሹ ላይ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ዝም በል፤ ልጅ ይዘዋል» አለችኝ። በእናቱ ሆድ ሥር የሚያልፍ፣ ዓመት ያልሞላው ጨቅላ ከኋላ ነበር። መኪናዋን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ መለስኩ። ሠላሳ ሜትር ያህል ስንርቅ አሮጊቷ ጆሮዋን አጠፈች፣ ኩምቢዋን ወደ እኛ ዘርግታ ጠረናችንን ወሰደች፣ ከዚያም ሁሉንም አሻገረች። የመጨረሻው እስኪያልፍ እሷ ከመንገዱ አልወጣችም። ከእነዚያ ደቂቃዎች በኋላ እኔም እናቴም ካምፕ እስክንደርስ አልተነጋገርንም።

አንበሳ አላየንም። በዚያ ሌሊት ግን ሰማነው። በ9 ሰዓት ገደማ፣ መጀመሪያ ሩቅ፣ ቀጥሎ ከወንዙ ማዶ። ጩኸቱ በጸጥታ ሌሊት ስምንት ኪሎ ሜትር ይሰማል ይባላል፤ በደረት ነው የሚሰማው፣ በጆሮ ብቻ አይደለም። እናቴ አልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀምጣ ነበር። ሕፃን ሳለች አያቷ ይህን ድምፅ ይነግሯት እንደ ነበርና እሷ ግን እስከዚያች ሌሊት ሰምታው እንደማታውቅ ነገረችኝ።

በመጨረሻው ቀን ሌታባ ካምፕ ውስጥ ያለውን የዝሆን ሙዚየም አየን። «ሰባቱ ታላላቆች» ከተባሉት ወንድ ዝሆኖች የስድስቱ ጥርስ እዚያ ተሰቅሏል። የሻውኡ አንደኛው ጥርስ 317 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። የማፉንያኔ ሁለቱም እኩል 251 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ሲራመድ መሬት ይነኩ ነበር። ስማቸውን እያነበብኩ ለእናቴ ተረጎምኩላት፤ ንድሉላሚቲ ከዛፍ የሚበልጥ፣ ካምባኩ ታላቁ አሮጌ ወንድ። ለአውሬ እንዲህ ያለ ስም የሚሰጥ ቋንቋ ከግማሽ ዳቦ ጋር በነፃ ሲሰጠኝ እንደ ኖረ እዚያ ቆሜ አሰብኩ።

አውራሪስም አላየንም፤ ይህ ግን እንደ አንበሳው የዕድል ጉዳይ አይደለም። ቀንዱ እንደ ጥፍራችን ያለ ነገር ነው፣ ቢቆረጥ ተመልሶ ይበቅላል። ለእሱ ሲባል እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻ በደቡብ አፍሪካ 1,215 አውራሪሶች ተገደሉ፣ አብዛኞቹም በዚሁ ፓርክ ውስጥ። ጠባቂዎቹ ራሳቸው እንስሳውን አስተኝተው ቀንዱን የሚቆርጡት ነፍሱን ለማትረፍ ነው። ጎብኚም አውራሪስ ያየበትን ቦታ በስልክ እንዳያሰራጭ ይለመናል። በእኛ በኩል ደግሞ ሌላ ሐዘን አለ። ከሱቄ ብስኩት እየገዛ ያደገ አንድ ልጅ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሌሊት በአጥሩ ሾልኮ ገባ፤ አልተመለሰም። እናቱ አሁንም ደንበኛዬ ናት። አውራሪሱንም ልጁንም የጨረሰው የቀንዱ ገዢ ያንን አጥር በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

በፋላቦርዋ በር ወጥተን ማታ ቤት ገባን።

በማግስቱ ኮክዋና ግማሽ ዳቧቸውን ሊገዙ መጡ። ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው አደረጉ፣ ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ፣ ፎቶውን በሁለት ጣታቸው እያሰፉ ከዳር እስከ ዳር መረመሩት። «ውኃው ቀንሷል» አሉ። አዞውን አገኙት። ከግራ ሦስተኛውን ዛፍ በስሙ ጠሩት። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ስታነሣው ፊትህን ወዴት አዙረህ ነበር?» አሉኝ።

«ወደ ምሥራቅ ነው ኮክዋና፤ ወንዙ ወደሚወርድበት።»

«የእኛ ቤት በጀርባህ በኩል ነበር።»

ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ስልኩን መለሱልኝ። መንገዱን እንዲያሳዩኝ አብረውኝ ይሄዱ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። እናቴ ከጓዳ ቡና ይዛ ወጣች፤ ስኒውን ተቀብለው አንድ ጊዜ ፉት አሉና ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ካለፈ ወንዙም ገና ሳይጎድል እንሂድ አሉኝ።